ጥቁሩ ጥብጣብ ምን ወሰደብን?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኖሪያችን የመዝናኛ ክፍል ውስጥ በአንድ ሪሞት ምክንያት ጠብ ሊነሣ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። የሚታየው ፊልም የጣሊያናዊው ዲሬክተር የሰርጂዮ ሌዎኔ «ዘ ጉድ፥ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ነው። በ1966 የተሠራ ስለ ሆነ በዕድሜ ከብዙዎቻችን ወላጆች ይበልጣል። (እግረ መንገዴን ላሳስብና፥ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ሲጀመር ሥዕሉ ከላይና ከታች ጥቁር ጥብጣብ ተዘርግቶበት ወጣ። ወዲያውኑ ከኋላ ወንበር «ሙላው እንጂ! ይህን ሁሉ ቴሌቪዥን ለምን ታባክነዋለህ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሪሞት የያዘው ጓደኛችንም «ዙም» የሚለውን ሲጫን ጥብጣቡ ድራሹ ጠፋ። ጭብጨባም ተደረገለት።

ደስታው እስከ መቃብሩ ሜዳ ድረስ ቆየ። እዚያ ሦስቱ ሰዎች በክቡ አደባባይ ዳር ተራርቀው ቆመው፥ ማን ማንን ቀድሞ እንደሚተኩስ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፥ የአንደኛው እጅ ከነሽጉጡ ከቴሌቪዥኑ መስኮት ውጭ ቀርቶ አረፈው። ተኩሱ ተሰማ፤ አንዱ ወደቀ፤ እኛም «ማነው የተኮሰው?» እያልን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ያን ጊዜ «ይመለስ!» የሚሉና «ይቅር!» የሚሉ ሁለት ወገኖች ተፈጠሩ። ክርክሩ ፊልሙ ካለቀ በኋላም በደረጃው ላይ ቀጠለ። እኔም ለዚህ መጽሔት የምጽፈው ርእስ አጥቼ ስለ ነበር ነገሩን ከሥሩ ልመረምረው ቃል ገባሁ።

በመጀመሪያ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በልጅነቴ እኔም ከ«ሙላው» ወገን ነበርሁ። በቤታችን 14 ኢንች የሆነች፥ ጀርባዋ የጎበጠ ቴሌቪዥን ነበረች። አንድ ቀን ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የተከራየነው ዲስክ እንዲሁ ጥቁር ጥብጣብ ይዞ ቢመጣ፥ እናቴ ቴሌቪዥኗ የተቃጠለች መስሏት ጠጋኝ ይጠራ አለች። እኔ ግን ባለ ሱቁ ግማሽ ፊልም ሰጥቶ ሙሉ ገንዘብ የተቀበለን መስሎኝ ዲስኩን ይዤ እየሮጥሁ ሄድሁ። ባለ ሱቁም ሳይከራከር ሌላ ቅጂ ለወጠልኝ፤ ያኛው መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ነበር። ግማሽ ፊልም የተቀበልሁት ያን ጊዜ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1890ዎቹ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዲክሰን 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ፊልም ሲያዘጋጅ፥ ለእያንዳንዱ ሥዕል የአራት ቀዳዳ ቁመት መደበለት። ከዚህም ወርዱ 4 ቁመቱ 3 የሆነ፥ ወደ አራት ማዕዘን እኩልነት የተጠጋ ቅርጽ ተገኘ። ድምፅ በመጣ ጊዜ የድምፁ መስመር በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቦታ ስለ ወሰደ ጥቂት ማስተካከያ ተደርጎ፥ በ1932 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ 1.37 ለ 1 የሚባለውን ልክ ደነገገ። ይህም ከፊተኛው እምብዛም አይለይም። ቴሌቪዥን ሲፈጠር መሐንዲሶቹ ያንኑ የሲኒማ ቅርጽ ወሰዱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ያሳየው ሥዕል የዚሁ የ4 ለ 3 ዘር ነበር።

እንግዲህ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለሲኒማ ለምን ይከፍላል? በአሜሪካ ከ1946 በኋላ የተመልካቹ ቍጥር እየወረደ ሲሄድ የሆሊዉድ ባለ ገንዘቦች ይህን ጥያቄ ራሳቸውን ጠየቁ። መልሳቸውም «ቴሌቪዥን ሊያሳይ የማይችለውን እናሳይ» የሚል ሆነ። በመስከረም 1952 መጨረሻ ላይ «ሲኔራማ» የተባለው በሦስት ማሳያ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሥዕል እየጣለ በጎበጠ ሰፊ ሸራ ላይ በኒው ዮርክ ታየ። በዓመቱ በ1953 ደግሞ የፎክስ ኩባንያ «ዘ ሮብ» የተባለውን ፊልም በ«ሲኒማስኮፕ» አቀረበ። ይህኛው የሚደነቀው በብልሃቱ ነው። አንሪ ክሬቲየን የተባለ ፈረንሳዊ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ሌንስ ሰፊውን ሥዕል ከግራና ከቀኝ ጨምቆ በዚያው በጥንቱ 35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ያሳርፈዋል። በማሳያው ጊዜ ሌላ ሌንስ የተጨመቀውን መልሶ ይዘረጋዋል። ፊልሙን በእጅ አንሥቶ ያየው ሰው ተዋንያኑ ሁሉ እንደ ሸንበቆ ቀጥነውና ረዝመው ያገኛቸዋል፤ በሸራው ላይ ግን ወርዱ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ተኩል የሚያህል ትዕይንት ይሆናል። በኋላ 2.35 ለ 1 የሆነው ልክ ተለመደ። ከዚህ ጠበብ ያለው 1.85 ለ 1 ደግሞ የአሜሪካ ሲኒማ የዘወትር ልብስ ሆነ።

እንዲህ ከቴሌቪዥን ሸሽቶ የሰፋው ፊልም ግን መጨረሻው ለቴሌቪዥን መሸጥ ሆነ። በመስከረም 1961 የአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ «ሃው ቱ ሜሪ ኤ ሚልየኔር» የተባለውን የሲኒማስኮፕ ፊልም ለተመልካች ቤት ድረስ አደረሰ። ሰፊውን ሥዕል በጠባቡ መስኮት እንዴት ያግቡት? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሥዕሉን በሙሉ አሳንሶ ማስገባትና ከላይና ከታች የሚተርፈውን ቦታ ጥቁር መተው ነው፤ ይህንን በዲስኩ ልባስ ላይ «ዋይድስክሪን» ይሉታል። ሁለተኛው መስኮቱን በቁመቱ መሙላትና ከጎን የሚተርፈውን መቁረጥ ነው፤ ይህ «ፉልስክሪን» የተባለው ነው። ጣቢያዎችና የቪዲዮ ነጋዴዎች ለብዙ ዓመታት የመረጡት ሁለተኛውን ነበር።

ቆራጩ ማነው? ይህን ሳውቅ ነው እኔ ሐሳቤን የለወጥሁት። ዲሬክተሩ አይደለም፤ ካሜራ ያነሣውም ሰው አይደለም። ፊልሙን ወደ ቪዲዮ በሚገለብጠው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ በየትዕይንቱ «ከዚህ ውስጥ የትኛው ይታይ?» እያለ ይወስናል። ሁለት ሰዎች በሸራው ግራና ቀኝ ዳር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ሠራተኛው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ ያንሸራትተዋል፤ በዚህ ጊዜ ካሜራው ፈጽሞ ያልሄደበትን መንገድ የሄደ ይመስላል። ወይ ደግሞ አንዱን ትዕይንት ለሁለት ሰንጥቆ በመጀመሪያ ተናጋሪውን፥ ቀጥሎ መላሹን ያሳያል። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው አድማጩ ነው። ነገር ሲነገረው ፊቱ የሚለዋወጠው፥ ዝም ብሎ ጣቱን የሚያፍተለትለው ሰው ከክፍሉ እንደ ወጣ ይቈጠራል። የትወና ትምህርት የወሰዳችሁ እንደምትመሰክሩልኝ፥ ከባዱ ትወና ማድመጥ ነው።

ነገሩን ወደ አገራችን ሥዕል ላምጣው። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታየውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ላይ ነው፤ ከታች ደራጎኑ፥ ከጎን በዛፉ ላይ ብሩታዊት አሉ። አንድ ሰው ክፈፌ ጠባብ ነው ብሎ ዛፉ ያለበትን ወገን በመቀስ ቢቆርጠው የቀረው ሥዕል ያምራል፥ ክፈፉንም ይሞላል። ግን ጦሩ የተወረወረው ስለ ማን ነው?

ሒሳቡን ለሚወዱ ጥቂት ቍጥር ልጨምር። 2.35 ለ 1 የሆነ ፊልም 4 ለ 3 የሆነ መስኮት እንዲሞላ ሲቆረጥ ከሥዕሉ 57 በመቶ ብቻ ይተርፋል፤ 43 በመቶው ከነሰዎቹ ይጣላል። በ1959 የወጣው «ቤን ሐር» ደግሞ 2.76 ለ 1 ስለ ሆነ ከግማሽ በታች ይቀራል። የሠረገላውን እሽቅድምድም አስቡት። የቤን ሐር አራት ነጫጭ ፈረሶች ጎን ለጎን ተጠምደው፥ የመሳላ አራት ጥቋቁር ፈረሶች ከአጠገባቸው እየተጋፉ ነው። ፊልሙ ያን ያህል የሰፋው ስምንቱን አንድ ላይ ለማሳየት ነበር። በእኔ የልጅነት ቅጂ ግን አንዱ ሲታይ ሌላው ይጠፋል፤ ማን እንደ ቀደመ የሚነግረን የሕዝቡ ጩኸት ነበር።

ከሠሪዎቹ መካከል ዝም ያላሉም አሉ። ዉዲ አለን በ1979 የሠራው «ማንሃተን» ለቤት ቪዲዮ ሲወጣ ከነሙሉ ስፋቱ እንጂ ተቆርጦ እንዳይሸጥ አስገድዷል። ሚስተር ሲድኒ ፖላክ የተባለው ዲሬክተር ደግሞ ከዚህ አልፎ ፍርድ ቤት ቀረበ። የእርሱን «ስሪ ዴይስ ኦቭ ዘ ኮንዶር» የዴንማርክ ቴሌቪዥን በ1991 ቆርጦ ስላሳየው ከሰሰ። በ1997 ፍርድ ቤቱ መቁረጡ ሥራውን የሚያጎድፍ መሆኑን ቢቀበለውም፥ በሌላ የሕግ ምክንያት ለጣቢያው ፈረደ። የሕግ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህን ጉዳይ ቢያብራሩልን ገጹ ክፍት ነው።

ነገር ግን «ሙላው» የሚሉትን ሰዎች እንደ አላዋቂ መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ያች የእናቴ 14 ኢንች ቴሌቪዥን የመስኮቷ ቁመት 8 ኢንች ተኩል ያህል ነበር። ሰፊው ፊልም በሙሉ ሲገባባት የሥዕሉ ቁመት ከ5 ኢንች በታች ይወርዳል። ስምንት ቤተ ሰብ ከሩቅ ሆኖ ሲያይ የተዋናዩ ፊት የባቄላ ፍሬ ያህል ነው። የትርጉም ጽሑፉንማ ተዉት። በዚያ ዘመን ሙሉውን መምረጥ ስንፍና ሳይሆን የዓይን ጉዳይ ነበር። ዛሬ ግን በመዝናኛ ክፍላችን ያለው ዓይነት 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ያው ፊልም ከነጥብጣቡ 12 ኢንች ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁመት አለው፤ ይህም ከያች ቴሌቪዥን ሙሉ መስኮት ይበልጣል። ምክንያቱ አልፎ ልማዱ ብቻ ቀረ።

ሁለተኛም፥ ሙሉው ሁልጊዜ ከጎን የተቆረጠ ነው ማለት ስሕተት ነው። ብዙ የ1.85 ፊልሞች ሲነሡ በፊልሙ ላይ የሚያርፈው ሥዕል እንደ ጥንቱ ቁመታም ነው። በሲኒማ ቤት ሲታይ ከላይና ከታች ያለው ትርፍ በማሳያው መሣሪያ ይሸፈናል። ለቴሌቪዥን ሲዘጋጅ አንዳንዱ ይህን መሸፈኛ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ባለ ሙሉው ቅጂ ከሰፊው ይልቅ ብዙ ያሳያል! እንዲህ ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ነገር ግን የተጨመረው ነገር እንድናየው የታሰበ አይደለም፤ ድምፅ መቅጃው ከተዋንያኑ ራስ በላይ ሲንጠለጠል ይታያል። በ1985 በወጣው «ፒዊስ ቢግ አድቬንቸር» ላይ ሰውየው ከብስክሌቱ ሣጥን ውስጥ የማያልቅ ሰንሰለት ይጎትታል፤ ቀልዱም አለማለቁ ነው። መሸፈኛው በተነሣበት ቅጂ ግን ሰንሰለቱ ከታች በኩል በቀዳዳ ሲገባ ቍልጭ ብሎ ይታያል። አስማተኛ እጀታውን ሰብስቦ ሲሠራ እንደ ማየት ነው።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ይህ ሁሉ ከጎባጣው ቴሌቪዥን ጋር የተቀበረ ይመስለናል። በ1980ዎቹ የአዲሱ ቴሌቪዥን ልክ ሲጠና፥ ዶክተር ኬርንስ ፓወርስ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ የነበሩትን የሥዕል ቅርጾች ሁሉ ስፋታቸውን እኩል አድርገው በወረቀት ላይ አነባብረው ቢያዩአቸው፥ ሁሉንም የሚያስማማው ቅርጽ 16 ለ 9 ሆኖ አገኙት። አስታራቂ ሽማግሌ በሉት። እንደ ሽማግሌ ፍርድም ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይከፍላል። 2.35 የሆነው ፊልም በዚህ መስኮት ላይ ሩብ ያህሉን ከላይና ከታች ጥቁር ይተዋል፤ የ4 ለ 3 ሥራ ደግሞ ሩቡን ከግራና ከቀኝ ጥቁር ይተዋል። ባለፈው ቅዳሜ በ«ዙም» የተጣለብን ያ ሩብ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ «ሙሉ» ማለት ሰፊውን መቁረጥ ነበር፤ ዛሬ «ሙሉ» ማለት ጠባቡን ማጉደልም ሆነ። «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው የካርቱን ተከታታይ እስከ 2009 ድረስ የተሠራው በ4 ለ 3 ነበር። በ2019 በዲዝኒ ፕላስ ሲቀርብ ዘመናዊውን መስኮት እንዲሞላ ከላይና ከታች ተቆረጠ። በአንዱ ክፍል ውስጥ በቢራ ፋብሪካ ሦስት ዓይነት ስም የተጻፈባቸው በርሜሎች ይታያሉ፤ ከላይ ሲታይ ግን ሦስቱንም የሚሞላው አንድ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ተቆረጠና ቀልዱ አብሮ ሄደ። ተመልካቹ ስላጉረመረመ በ2020 የቀድሞው ቅርጽ በምርጫ ተመለሰ።

የኛም ሀብት ከዚህ አደጋ ውጭ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 የወጣ፥ በ16 ሚሊሜትር ፊልም በጥቁርና ነጭ የተነሣ ነው፤ ቅርጹም የጥንቱ ጠባብ ቅርጽ ነው። እኔ ያየሁት በአንድ ጓደኛዬ ቤት ሲሆን፥ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ከግራና ከቀኝ ለጥጦት ነበር። እንዲህ ሲለጠጥ እያንዳንዱ ነገር በሲሶ ይወፍራል። በባለ ርስቱ መሬት ላይ ሲለፋ የሚውለው ጭሰኛ ድሎት እንዳየ ሰው ትከሻው ሰፍቶ፥ ጉንጩ ሞልቶ ታየን። ስለ ረኀብና ስለ ድካም የተሠራ ፊልም በአንድ የሪሞት ቍልፍ ሁሉንም አጥግቦ አሳደረ! ከዚህ የከፋ ትችት የጻፈበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለ ስልካችንም አንድ ቃል። የብዙዎቻችን ስልክ 20 ለ 9 ገደማ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የሾለ ነው። ስለዚህ 2.35 የሆነው ፊልም በስልክ ላይ መስኮቱን ሊሞላ ምንም አይቀረው። በ16 ለ 9 የተሠራው የአማርኛ ድራማ ግን ከግራና ከቀኝ ጥቁር ይተዋል። ይህን ጊዜ ሁለት ጣታችንን ዘርግተን እናሰፋዋለን። አምስተኛው እጅ ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ ከላይ የሰውየው ግንባር፥ ከታች ቡናው ከነረከቦቱ።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ዲስክ የሚገዛ ሰው ልባሱን ያገላብጥ፤ «ፉልስክሪን» ወይም «ለመስኮትዎ እንዲስማማ ተለውጧል» የሚል ማስታወቂያ ካየ ይመልሰው፤ ሥራው መጀመሪያውኑ በ4 ለ 3 የተሠራ ከሆነ ግን ሙሉው ራሱ ትክክለኛው ነው። በቴሌቪዥኑ የሥዕል ዝርዝር ውስጥ «ኦሪጂናል» ወይም «ጀስት ስካን» የሚል ካለ እርሱን ይምረጥና ከዚያ በኋላ እጁን ይሰብስብ። በኮምፒዩተር በቪኤልሲ የሚያይም ሥዕሉ ተለጥጦ ካገኘው የ«ኤ»ን ፊደል፥ ተቆርጦ ካገኘው የ«ሲ»ን ፊደል እየደጋገመ ቢጫን ወደ ነበረበት ይመለስለታል። ጥብጣቡ ግራጫ ሆኖ ዓይን የሚያስቸግር ከሆነ መብራቱን ማጥፋት ይረዳል፤ ይህ ግን በመዝናኛ ክፍላችን ውስጥ ለማጥናት የሚመጡትን ሰዎች ፈቃድ ይጠይቃል።

ለመጪው ቅዳሜ በ1962 የተሠራውን «ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ» አግኝተናል። ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ ስለዚህ ከ12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን። በበረሓው ጕድጓድ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመው፥ ከሩቅ በምድሩ ነጸብራቅ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ቀስ እያለች ወደ ሰው ትለወጣለች። ከኋላ ወንበር «ሙላው» ያለው ወዳጃችን እንዲመጣ ተጋብዟል። ሪሞቱ ግን እኔ ዘንድ ነው።